ስኳር በአምስት ሰከንድ ይለካል፤ የጉድጓድ ውሃስ? ትንንሽ የኬሚካል መመርመሪያዎች እንዴት እንደሚሠሩ

እናቴ የምትኖረው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ነው። በየጠዋቱ ቁርስ ሳትቀምስ ጣቷን ትወጋና የወጣችውን የደም ጠብታ ከመለኪያዋ ወረቀት ጫፍ ታስነካለች። አምስት ሰከንድ ያህል ቆይቶ ቁጥሩ ብቅ ይላል። ደህና ከሆነ «አልሐምዱሊላህ» ብላ ወደ ጀበናዋ ትመለሳለች።

አጎቴ ደግሞ ኮምቦልቻ ዳር ነው ቤቱ። ግቢው ውስጥ ጉድጓድ አለው። የቦርከና ወንዝም ፋብሪካዎቹም ሩቅ አይደሉም። ባለፈው ዓመት ውሃው ውስጥ እርሳስ ይኑር አይኑር ማወቅ ፈለገ። እርሳስ ስል መጻፊያውን ሳይሆን ሊድ የሚባለውን ከባድ ብረት ነው። በሃይላንድ ቀድተን ለአንድ ላቦራቶሪ ሰጠን። ከወር በላይ ጠበቅን። የመጣው ወረቀት «አልተገኘም» ይላል፤ ሌላ ምንም የለውም። መሣሪያው እስከ ስንት ድረስ ማየት እንደሚችል እንኳን አልተጻፈበትም።

አጎቴ ወረቀቱን አገላብጦ አየና «አንተ ልጅ፣ የእናትህ ደም በአምስት ሰከንድ በሚለካበት ዘመን ለአንድ ሃይላንድ ውሃ ወር የምንጠብቀው ለምንድን ነው?» አለኝ።

ያኔ በቅጡ አልመለስኩለትም። ይህ ጽሑፍ የዚያ ጥያቄ መልስ ነው። በኮምቦልቻና በቦርከና ዳርቻ የውሃ ነገር በተነሳ ቁጥር ብዙ ሰው ይህንኑ ስለሚጠይቅ፣ ለእሱ ብቻ ነግሬው ልተወው አልፈለግኩም።

የስኳር መለኪያው ደሙን የሚያነበው በምን ዓይኑ ነው?

ዓይን የለውም። የሚሠራው በመቁጠር ነው።

«ወረቀት» የምንላት ነገር ፕላስቲክ ናት። ቲሸርት ላይ ጽሑፍ በሚታተምበት ዘዴ፣ ኮረንቲ የሚያስተላልፍ የካርቦን ቀለም ታትሞባታል። እነዚያ የቀለም መስመሮች ኤሌክትሮድ ይባላሉ። ኤሌክትሮድ ማለት ኮረንቲ ወደ ፈሳሽ የሚገባበት ወይም ከፈሳሽ የሚወጣበት በር ነው። ጫፏ ላይ ደግሞ ኢንዛይም ተቀብቷል። ኢንዛይሙ የስኳር ሞለኪውል ሲያገኝ ኤሌክትሮን ይነጥቀዋል። ኤሌክትሮኖቹ በአቀባባይ ኬሚካል በኩል ወደ ካርቦኑ ይደርሳሉ። መለኪያው የደረሱለትን ቆጥሮ በቁጥር ይነግረናል። ብዙ ስኳር ካለ ብዙ ኤሌክትሮን አለ ማለት ነው።

ኢንዛይምን ከኤሌክትሮድ ጋር የማጋባቱን ሐሳብ አሜሪካዊው ሊላንድ ክላርክ ከባልደረባው ጋር እ.ኤ.አ. በ1962 አሳተመ። ቤት ውስጥ የሚያዝ፣ በኤሌክትሮድ የሚሠራ የስኳር መለኪያ ገበያ ላይ የወጣው ግን በ1987 ነው። በመሃል 25 ዓመት አለፈ። ከላቦራቶሪ እስከ ኩሽና ያለው መንገድ ረጅም ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ብርቱካን ልጣችሁ እጃችሁን ሳትታጠቡ ከተለካችሁ፣ መለኪያው የሚቆጥረው የደማችሁን ስኳር ብቻ ሳይሆን ጣታችሁ ላይ የቀረውንም ጭምር ነው። እናቴ በዚህ ምክንያት አንድ ቀን ሙሉ ተጨንቃ ውላለች።

ታዲያ ውሃውንም በእንዲህ ዓይነት ወረቀት ለምን አንለካም?

ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው።

አንድ ሊትር ደም ውስጥ ወደ አንድ ግራም የሚጠጋ ስኳር አለ። ለመጠጥ ውሃ ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት ለእርሳስ ያስቀመጠው ገደብ በሊትር 10 ማይክሮግራም ነው። ማይክሮግራም የግራም አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ሁለቱን አስተያዩአቸው። በውሃው ውስጥ የምንፈልገው እርሳስ፣ በደም ውስጥ ካለው ስኳር አንድ መቶ ሺህ ጊዜ ያነሰ ነው።

በጀሪካን እንየው። ባለ 20 ሊትሩን ቢጫ ጀሪካን ሙሉትና ሦስት ወይም አራት ፍሬ ደቃቅ ጨው ጣሉበት። በማንኪያ አይደለም፤ በፍሬ። ገደቡ ላይ የደረሰ እርሳስ በክብደቱ ያንን ያህላል። ጣዕም የለው፣ ሽታ የለው፣ ውሃውን አያደፈርስ። «አብሽር፣ ውሃው ጠርቷል እኮ» የሚለው ማጽናኛ እርሳስ ላይ የማይሠራው ለዚህ ነው። እርሳስ ደግሞ በተለይ የሕፃናትን አእምሮ እድገት የሚጎዳ ነገር ነው።

የስኳር መለኪያውን ወረቀት እዚህ ውሃ ውስጥ ብንነክረው፣ ኢንዛይሙ እርሳስን አለማወቁ አንድ ነገር ነው። ለእርሳስ የሚሆን ኤሌክትሮድ ብንሠራለት እንኳን በቀጥታ ቢለካ የሚመጣው ምልክት እጅግ ደካማ ነው። ውሃው ውስጥ ያለው ሌላ ነገር ሁሉ ትንሽ ትንሽ ኮረንቲ ይፈጥራል። የእርሳሱን ምልክት ከዚያ መሃል መለየት፣ ሰኞ ገበያ መሃል ቆሞ ከወዲያ ማዶ የሚንሾካሾክን ሰው እንደማዳመጥ ነው።

ትልልቆቹ ላቦራቶሪዎች ይህን የሚወጡት በትልልቅ ማሽን ነው። አቶሚክ አብዞርብሽን የሚባለው ለምሳሌ ናሙናውን በእሳት ወይም በምድጃ አቃጥሎ፣ ብረቱ የሚውጠውን ብርሃን ይለካል። ጥሩ ማሽን ነው። ግን ጋዝ ይፈልጋል፤ የማይቋረጥ መብራት ይፈልጋል፤ የሠለጠነ ባለሙያ ይፈልጋል። ወረፋ ያለውም እዚያ ነው።

ትንሿ መሣሪያ ግን ሌላ ዘዴ አላት።

መጀመሪያ መሰብሰብ፣ ከዚያ መቁጠር

ወተት ውስጥ ቅቤ አለ፤ ግን ተበትኖ ስላለ አይታይም። ቅሉን ይዘን ስንንጠው የተበተነው ይሰበሰባል። ከዚያ በእጅ ይታፈሳል። ኬሚስቶቹም ያደረጉት ይህንኑ ነው። የሚንጡት ግን በክንድ ሳይሆን በኮረንቲ ነው።

እርሳስ ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ሁለት ኤሌክትሮን ጎድሎት ነው የሚዞረው። እንዲህ ኤሌክትሮን የጎደለው ወይም የተረፈው ቅንጣት አዮን ይባላል። ኤሌክትሮዱን ኔጌቲቭ ስናደርገው፣ እዚያ የሚደርሰው እርሳስ የጎደለውን ሁለት ኤሌክትሮን ይቀበልና ጠንካራ ብረት ሆኖ ይለጠፋል። ወርቅ ቀቢዎች ብር ላይ ወርቅ የሚያለብሱበት ዘዴ በመሠረቱ ይኸው ነው። ውሃው እየተማሰለ ይህ ለጥቂት ደቂቃ ይቀጥላል። ሩቅ ለሩቅ ተበትኖ የነበረው እርሳስ ኤሌክትሮዱ ላይ እየተከማቸ ይሄዳል።

ቀጥሎ ነገሩ ይገለበጣል። ቮልቱ ቀስ በቀስ ወደ ፖዘቲቭ ይነዳል። ብረቶቹ የያዙትን ኤሌክትሮን እየመለሱ ተመልሰው ይሟሟሉ። ለደቂቃዎች የተከማቸው በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ስለሚለቀቅ ኮረንቲው ድንገት ይወጣና ይወርዳል። ስክሪኑ ላይ እንደ ጦሳ ተራራ ጫፍ ያለ ጉብታ ይታያል። ይህ ዘዴ ስትሪፒንግ ቮልታሜትሪ ይባላል። ስሙ ይከብዳል እንጂ ነገሩ ለጥፎ መላጥ ነው።

የትኛው ጉብታ የማን እንደሆነ በምን ይታወቃል? እኔ የገባኝ በሚኒባስ ነው።

ከደሴ የተነሳ ሚኒባስ አስቡ። ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ ይደርሳል፤ ከዚያ ሐርቡ፣ ከዚያ ከሚሴ፣ ከዚያ ሰንበቴ። ተሳፋሪው እያንዳንዱ የሚወርደው የራሱ ፌርማታ ላይ ነው። ቮልቱ መንገዱ ነው፤ ብረቶቹ ተሳፋሪዎቹ። ዚንክ መጀመሪያ ላይ ኮምቦልቻ ይወርዳል። ካድሚየም ሐርቡ፣ እርሳስ ከሚሴ፣ መዳብ ሰንበቴ። ቅደም ተከተላቸው አይዛነፍም፤ እያንዳንዱ ብረት ኤሌክትሮኑን የሚለቅበት የራሱ ቮልት አለው። ፌርማታው ማን እንደሆነ ይነግረናል፤ የወራጁ ብዛት ደግሞ ምን ያህል እንደሆነ። በአንድ ጉዞ አራት ብረት ተለካ ማለት ነው።

ምሳሌው ግን እክል አለው፤ እክሉም እውነተኛ ነው። ሁለት ተሳፋሪዎች በጣም በተቀራረበ ቦታ የሚወርዱበት ጊዜ አለ። ቲን የሚባለው ብረት ከእርሳስ አጠገብ ነው የሚወርደው። ሁለቱ አብረው ካሉ ጉብታዎቻቸው ተደራርበው አንዱ የሌላውን ቁጥር ሊያሳብጥ ይችላል።

በዚህ ሁሉ መነሻ ላይ ያሮስላቭ ሃይሮቭስኪ የሚባል የፕራግ ሳይንቲስት አለ። እ.ኤ.አ. በ1922 ከቀጭን ቱቦ የሚንጠባጠብ ባዜቃን እንደ ኤሌክትሮድ ተጠቅሞ ፖላሮግራፊ የተባለውን ዘዴ ጀመረ። በ1959 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ባዜቃ ወይም ሜርኩሪ ለዚህ ሥራ ግሩም ነው፤ ግን ራሱ መርዝ ነው። መርዝ ለመፈለግ ሌላ መርዝ ይዞ ገጠር መውጣት የሚያስኬድ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 ጆሴፍ ዋንግና ባልደረቦቹ በባዜቃው ፋንታ ስስ የቢስሙዝ ሽፋን መጠቀም እንደሚቻል አሳዩ። ቢስሙዝ ለጨጓራ መድኃኒት የሚገባ ብረት ነው። ለእርሳስና ለካድሚየም በደንብ ይሠራል። መሣሪያው ከላቦራቶሪ ወጥቶ ወደ ወንዝ ዳር እንዲወርድ በር ከከፈቱት ነገሮች አንዱ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

በነገራችን ላይ መጻፊያው እርሳስ ውስጥ እርሳስ የለም። ያለው ግራፋይት ነው፤ ግራፋይት ደግሞ ካርቦን ነው፤ ኮረንቲ ያስተላልፋል። ተመራማሪዎች የመጻፊያ እርሳስን መሃል እንደ ርካሽ ኤሌክትሮድ ይጠቀሙበታል፤ ብዙ የታተመ ሥራም አለበት። እርሳስን በእርሳስ መለካት በአማርኛ ቀልድ ይመስላል እንጂ እውነት ነው። ለተማሪ ቤተ ሙከራ ከዚህ የተሻለ መነሻ አላውቅም።

ውሃው ንጹሕ ካልሆነስ?

እስካሁን የተናገርኩት ለምንጭ ውሃ ነው። የፋብሪካ ፍሳሽ የገባበት ውሃ ሌላ ነው። ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ አለ፣ ቆዳ አለ፣ ቢራ አለ፣ ሥጋ አለ። ከእነዚህ የሚወጣ ፍሳሽ ውስጥ ቀለም፣ ስብ፣ ፕሮቲንና ሳሙና ይኖራል። እነዚህ ሁለት ጥፋት ያደርሳሉ። አንደኛ፣ ኤሌክትሮዱ ላይ ይለጠፉና ይደፍኑታል። ሁለተኛ፣ ብረቱን አቅፈው ይይዙታል። የታቀፈ ብረት አይለጠፍም፤ ስለዚህ አይቆጠርም። መሣሪያው «የለም» ይላል፤ ብረቱ ግን አለ።

ስለዚህ ከመለካት በፊት ማውጣት ይመጣል። ማውጣት ማለት የምንፈልገውን ነገር ብቻ ከጉሹ ለይቶ ወደ ንጹሕ ፈሳሽ ማሻገር ነው። የዚህ ዘርፍ ሰዎች ላቡን የሚያፈሱት እዚህ ላይ ነው። መለካቱ ሰከንዶች ይፈጃል፤ ማዘጋጀቱ ሰዓታት።

እ.ኤ.አ. በ2006 ከኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ስቲግ ፔደርሰን-ቢየርጎርና ክኑት ራስሙሰን የሚባሉ ተመራማሪዎች አንድ የሚያምር ዘዴ ይዘው መጡ። ጥቃቅን ቀዳዳ ያለው የፕላስቲክ ሽፋን ዘይት መሰል ፈሳሽ ያጠጣሉ። በአንድ ወገን ደም ወይም ሽንት ያደርጋሉ፤ በሌላው ወገን ጥቂት ንጹሕ ፈሳሽ። ከዚያ በሁለቱ መሃል ቮልት ይለቃሉ። ኤሌክትሪክ የሚስበው አዮን በዘይቱ በኩል ተጎትቶ ይሻገራል። ፕሮቲኑና ሴሉ እዚያው ይቀራል። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከጉሽ ናሙና ንጹሕ ጠብታ ይገኛል፤ የተፈለገው ነገርም ትንሿ ጠብታ ውስጥ ተከማችቶ ይጠብቃል።

ጠላ በጥሩ ጨርቅ ሲጠለል ጨርቁ የሚለየው በመጠን ነው፤ ወፍራሙን ይይዛል፣ ቀጭኑን ያሳልፋል። ይህኛው ማጥለያ ግን የሚለየው በሁለት ጥያቄ ነው። ኤሌክትሪክ ይስብሃል ወይ? በዘይት ውስጥ ማለፍስ ትችላለህ? ለሁለቱም አዎ ያለ ብቻ ያልፋል።

ዘዴው መጀመሪያ የተሠራው ደም ውስጥ ያለ መድኃኒትን ለመለካት ነበር። በኋላ ሌሎች ተመራማሪዎች እርሳስን ከደም፣ ከሽንትና ከሊፕስቲክ ሳይቀር አውጥተውበታል። እኔን ይበልጥ ያስደሰተኝ ሌላ ነገር ነው። የኦስሎዎቹ ሰዎች ይህ ማጥለያ በተራ ባለ 9 ቮልት ባትሪ እንደሚሠራ አሳይተዋል። ያ ባትሪ ሱቅ ይሸጣል።

ማውጣቱም በቮልት፣ መሰብሰቡም በቮልት፣ መቁጠሩም በቮልት ከሆነ፣ ሁሉንም አንድ ካርድ ላይ ማድረግ ይቻላል። ፓምፕ አያስፈልግ፣ ምድጃ አያስፈልግ፣ መብራት ቢጠፋም አይቆም።

ለምን ግን ትንሽ መሆን አስፈለገው? ለመያዝ ብቻ ነው?

አይደለም። ትንሽ ነገር ይፈጥናል።

ሻይ ላይ ስኳር ጨምራችሁ ሳታማስሉ ብትተዉት ስኳሩ ወደ ላይ ለመድረስ ስንት ጊዜ ይፈጅበታል? ትንሽ ሞለኪውል ረጋ ባለ ውሃ ውስጥ አንድ ሚሊሜትር ለመጓዝ ስምንት ደቂቃ ያህል ይወስድበታል። ርቀቱ በአሥር ሲያንስ ግን ጊዜው የሚያንሰው በአሥር ሳይሆን በመቶ ነው። አንድ አሥረኛ ሚሊሜትር በአምስት ሰከንድ ያልቃል። ስለዚህ ፈሳሹ የሚያልፍበት ቦይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ከሆነ ማማሰያ አያሻም። ሁሉም ነገር ለኤሌክትሮዱ ቅርብ ነው።

ሌላም አለ። በብርሃን የሚለካ መሣሪያ ሲያንስ ይደክማል፤ ብርሃኑ የሚያልፍበት ፈሳሽ ያጥርበታልና። ኤሌክትሮድ ግን ሥራው ሁሉ ገጹ ላይ ስለሆነ ማነሱ ያን ያህል አይጎዳውም። መላውን ላቦራቶሪ ወደ አንድ ትንሽ ሥርዓት የማጠፍን ሐሳብ አንድሪያስ ማንዝ እ.ኤ.አ. በ1990 ስም ሰጥቶ ካቀረበው ወዲህ፣ ኤሌክትሮኬሚስትሪ ከዘርፉ ያልተለየው ለዚህ ነው።

ቁጥሩ ሲመጣ ምን ልጠይቅ?

ወደ አጎቴ ወረቀት እንመለስ። «አልተገኘም» ማለት የለም ማለት አይደለም። መሣሪያው ሊያይ ከሚችለው በታች ነው ማለት ብቻ ነው። በሊትር 100 ማይክሮግራም ማየት የሚችል መሣሪያ «አልተገኘም» ቢል፣ ውሃው ከገደቡ ዘጠኝ እጥፍ ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነው፦ «የምታዩት ዝቅተኛ መጠን ስንት ነው?» በደንብ የተሠራ ስትሪፒንግ በሊትር ከአንድ ማይክሮግራም በታች መውረድ ይችላል።

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ሃይላንዱ ነው። ብረት ቆይቶ የፕላስቲኩ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ለዚህ ሲባል ናሙናው በተቀዳ ጊዜ ጥቂት ናይትሪክ አሲድ ይጨመርበታል። ይህን የሚያደርገው ባለሙያ ነው፤ ቤት ውስጥ አይሞከርም። እኛ ያለ አሲድ በሰጠነው ሃይላንድ ውስጥ የነበረው እርሳስ፣ ከነበረ፣ ወር ሙሉ ሲለጠፍ ቆይቶ ይሆናል።

ሦስተኛው፣ ልኬቱ በዚያው ውሃ ተረጋግጧል ወይ የሚለው ነው። ጥሩ ባለሙያ መጠኑን የሚያውቀውን እርሳስ ናሙናው ላይ ጨምሮ እንደገና ይለካል። የጨመረው በልኩ ከታየ መሣሪያው እያየ ነው። የጨመረው ከጠፋበት ግን ውሃው ውስጥ የሚደብቅ ነገር አለ፤ ያኔ ወደ ማውጣቱ ይመለሳል።

ይህን ሁሉ ቆላ ወርጄ ለአጎቴ ነገርኩት። ረጋ ብሎ ሰማኝና «እሺ፣ እስከዚያው አፍልተን ብንጠጣውስ?» አለኝ።

ማፍላት ተቅማጥ የሚያመጡ ተሕዋስያንን ይገድላል፤ ለዚያ ግድ ነው። የብረት መሣሪያው ደግሞ ስለ ተሕዋስያን ምንም አይናገርም፤ ያ ሌላ ምርመራ ነው። እርሳስ ግን በእሳት አይሞትም። ውሃው ሲተን እርሳሱ ድስቱ ውስጥ ይቀራል፤ እንዲያውም በቀረው ውሃ ልክ ትንሽ ይወፍራል። ስለዚህ ለአሁኑ የተስማማነው በዚህ ነው። ለልጆቹ የሚጠጣው ከቧንቧው ይቀዳል፤ ጠዋት ሲከፈት ቱቦ ውስጥ ያደረው ውሃ ለልብስ ይሆናል። ጉድጓዱ ለአትክልቱም ሳይሆን ለጊዜው ለግቢ እጥበት ብቻ ይቆያል። ሁለተኛው ናሙና በትክክለኛው ጠርሙስ፣ ከነአሲዱ ይቀዳል።